የተሳለው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ፦ ከየት ልጀምር ላልሽው

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ለገሃር አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችሁ የግዥና የንብረት አሠራሩ በወረቀት ላይ አምሮ ተስሏል፤ ሥራው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሠራተኛው ሳይሸሸኝ ሁለቱን እንዴት ላወዳድር ነው ያልሽው። እኔም ሜክሲኮና ስታዲየም ዙሪያ ባሉ ቢሮዎች በዚሁ ሥራ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው በመጠየቅ አትጀምሪ። «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ስትያቸው መመሪያውን ነው የሚነግሩሽ። ሊዋሹሽ ፈልገው አይደለም፤ የሚፈለገው መልስ እሱ ስለሚመስላቸው ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) በየመሥሪያ ቤቱ ሲካሄድ «አሁን ያለው» አሠራር ተጠንቶ «መሆን ያለበት» ይሳል ነበር። እጄ የገቡት ጥናቶች ግን «አሁን ያለውን» በአብዛኛው የቀዱት ከስብሰባ ነው።

አንቺ ከፋይሉ ጀምሪ። የመዝገብ ቤቱ ገቢና ወጪ መዝገብ፣ በደብዳቤው ጠርዝ ላይ «ለንብረት ክፍል» ተብሎ የተመራበት ቀን፣ ሲስተሙ ውስጥ የተመዘገበው ሰዓት፣ ሁሉም ይጠቅሙሻል። ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ቪም ፋን ደር አልስት ያስፋፉት፣ ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሄድ ከመዝገብ ላይ የሚያወጣው ፕሮሰስ ማይኒንግ የሚባለው ዘርፍ መነሻው ይኸው ነው። ያገኘሽውን በሰንጠረዥ ስታሰፍሪ እያንዳንዱ መስመር ቢያንስ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የጉዳዩ መለያ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተሠራበት ጊዜ። ለዚሁ ትንተና ፕሮም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ለመጀመሪያው ግን ኤክሴል ይበቃሻል።

ቅደም ተከተሉ ስለገጠመ ብቻ ግን አትመኚ። አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ መዝገቡ እንከን አልነበረውም። ዕቃ ሞዴል 20 በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ሞዴል 22 በሚባለው ቅጽ ይወጣል። ሰዓቱን ሳየው ግን የቀኑ ጥያቄ፣ ማጽደቅና ወጪ በሙሉ የተመዘገበው የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ በደቂቃዎች ልዩነት ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ስከታተል ነገሩ ገባኝ። ጠዋት የፕሪንተር ቶነር ፈላጊ ይመጣል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ በተማሪ ደብተር ላይ ስሙን ጽፋ፣ አስፈርማ ትሰጠዋለች። ሞዴሎቹ የሚሞሉት ማታ ነው። እውነተኛው የሥራ ሂደት ያለው ደብተሩ ላይ ነበር!

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር። ያቺን ሴት «መመሪያ ጥሳለች» ብለሽ ሪፖርት ብታደርጊ ደብተሩ ይጠፋል፣ ችግሩ ይቀራል። ጥፋቱ የንድፉ ነው። የሚፈርም አንድ ሰው ብቻ አስቀምጦ ተወካይ አላበጀም። ለአነስተኛ ዕቃዎች ተወካይ ፈራሚ ሲመደብ ደብተሩ ራሱ አላስፈላጊ ይሆናል። በእርግጥ ሆን ተብሎ የሚዘለል ደረጃም አለ፤ ከተለያዩ ነጋዴዎች መምጣት የነበረበት ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) በአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ካገኘሽ የንድፍ ችግር ነው ብለሽ አትለፊው። ስለዚህ ሁለቱን ለዪ፦ ሥራ እንዳይቆም የተደረገና ለጥቅም የተደረገ።

ሌላው እኛ አገር በጣም የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። የመዝገብ ቤቱ መዝገብ 3:20 ይላል፣ ሲስተሙ 9:25። የስድስት ሰዓት መዘግየት ይመስላል፤ በእውነቱ የአምስት ደቂቃ ልዩነት ነው። ቀኑም እንዲሁ፣ አንዱ በኢትዮጵያ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ይሆናል። ከማነጻጸርሽ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ለውጪ። ይሄን የዘለለ ሰው ንጹሑን ሠራተኛ ነው የሚያስጠይቀው።

ወደ ሠራተኞቹ የምትሄጂው ከዚያ በኋላ ነው። «ለምን ትጥሳላችሁ?» ሳይሆን ፋይሉን ይዘሽ «ይሄኛው እዚህ ጋ ምን ገጥሞት ነው?» በያቸው። ያኔ ያወሩሻል።

ግዥውን ለጊዜው ተይው፣ ፊርማው ብዙ ነው። ከንብረት ወጪው ጀምሪ፤ የአንድ ወር የተዘጉ ፋይሎች ይበቁሻል። ሰንጠረዡን ስትጨርሺ የሰዎቹን ስም አጥፍተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።