ደንበኛው ራሱ ቢመጣስ?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክስ ቢሮ የምትሠሪው እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሚከፈልሽ በሰዓት ነው፤ ከ40 ሰዓት በላይ ስትሠሪ ኦቨርታይም ታገኛለሽ። በሴፕቴምበር 2025 ስትቀጠሪ የፈረምሽው ወረቀት፣ ከለቀቅሽ በኋላ ለ2 ዓመት የቢሮውን ደንበኞች እንዳታስተናግጂ፣ የሥራ ባልደረቦችሽንም እንዳትወስጂ ይላል። አሁን ሌላ ቢሮ ፈልጎሻል። «ግማሾቹ ደንበኞች አብረውኝ የሚያስቀድሱ ናቸው፤ ሰላም አልበላቸው?» ብለሻል።

ሰላም በያቸው እንጂ! እኔም ድሮ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሳላነብ ፈርሜያለሁ፣ አልፈርድብሽም።

ቨርጂኒያ ከጁላይ 1፣ 2025 ወዲህ ኦቨርታይም የሚገባውን ሠራተኛ «ተወዳዳሪ ዘንድ አትሠራም» በሚል ውል ማሰር ከልክላለች። ያንቺን ጉዳይ በቀጥታ የሚነካ ነገርም ሕጉ ውስጥ አለ፦ አንቺ ቀድመሽ ካላነጋገርሽውና ካላግባባሽው፣ ራሱ የመጣን ደንበኛ እንዳታስተናግጂ ሊያደርጉሽ አይችሉም። ቀድመሽ ከደወልሽ ግን ይህ ከለላ የለሽም።

እንግዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እናት ዳቦ እየቆረሱ «ዘንድሮስ ታክሴን አንቺ ነሽ የምትሠሪልኝ?» ቢሉሽ፣ «ቢሮ ቀይሬያለሁ» በያቸው። አድራሻ ከጠየቁሽም ስጪ። ቢዝነስ ካርድ ይዘሽ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ከዞርሽ ግን ማግባባት ነው። በቴሌግራም «ወደ አዲሱ ቢሮ ኑ» ብለሽ ለየደንበኛው መላክም ያው ነው።

የደንበኞቹን ዝርዝር ግን ፈጽሞ እንዳትነኪ! ይሄ ከውሉም ይብሳል። ታክስ የሚሠራ ሰው የደንበኛን የታክስ መረጃ እያወቀ ያለ ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ ቢያውል በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ እስከ 1 ዓመት ያሳስራል። ፋይሉን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ከሆነ ዛሬውኑ ጠበቃ አማክሪ።

የሥራ ባልደረቦችሽን በተመለከተ፣ ገና የቢሮውን ደሞዝ እየበላሽ «ነይ አብረን እንውጣ» አትበዪ። ጓደኛሽ ክፍት ቦታ ካየች በራሷ ታመልክት።

አዲሱ አለቃሽ «ስንት ደንበኛ ይዘሽ ትመጪያለሽ?» ብሎሽ ከሆነ ደግሞ ጠርጥሪ። የፈለገው አንቺን ነው ወይስ ስልክሽን? ወረቀቱን ሳትደብቂ አሳዪው። ከመልቀቅሽ በፊት የውሉን ኮፒ በእጅሽ አድርጊና የሥራ ጉዳይ ጠበቃ ዘንድ ውሰጂው፤ ከወጣሽ በኋላ ኮፒ ስጡኝ ብሎ መለመን አሰልቺ ነው።