ምክር ለምትሸጡም ለምትገዙም ልጆች

ደብረ ብርሃን ላይ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ጨርሳችሁ «አማካሪ ድርጅት መግባት እንዴት ነው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ደስ ይለኛል። ሥራው አእምሮ ይከፍታል፣ ክፍያውም ከመንግሥት ቤት ይሻላል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዞን መሥሪያ ቤት፣ በዕቅድና በፕሮጀክት ግምገማ ሥራ ላይ ነው። አማካሪን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ነው የማውቀው። ስለዚህ የምነግራችሁ መምህሮቻችሁ ከሚነግሯችሁ ይለያል። ለምክሩ የሚከፍለው ሌላ ነው፤ ምክሩ ሲበላሽ ዕዳው የሚያርፍበት ሌላ ነው። ሥራ ስትጀምሩ ሁለቱን ለዩ።

በእኛ ከተማ አማካሪ ማለት መጀመሪያ የአዋጭነት ጥናት የሚጽፍ ሰው ነው። ባለሀብቱ መሬት ይፈልጋል። ፕሮፖዛል አምጣ ይባላል። ለብድርም ያንኑ ይጠየቃል። አማካሪው በሳምንት ሠርቶ፣ አስጠርዞ፣ ማኅተም መትቶ ያስረክባል። አንዴ የዱቄት ፋብሪካ ጥናት እጄ ገባ። ሽፋኑ ላይ «ደብረ ብርሃን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ውስጡን ገለጥ ሳደርግ «ቦታው ለሐዋሳ ሐይቅ ካለው ቅርበት የተነሳ» ይላል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በዚህ ብርድ፣ ሐይቅ! ባለሀብቱን ጠርቼ ባሳየው ከት ብሎ ሳቀ። አንብቦት አያውቅም። የስንዴው ዋጋ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ፣ የመብራቱ ሰዓት፣ ሁሉም ቁጥር ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። ጥናቱ የተገዛው ከፋይል ጋር እንዲያያዝ እንጂ እንዲነበብ አልነበረም። ፋብሪካው ቢከስር ግን አማካሪውን የሚጠይቀው የለም። ብድሩ የባለሀብቱ ነው፣ ሥራ የሚያጣው የሠፈሩ ልጅ ነው።

ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅቶች እንዲህ አያደርጉም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ በሐይቅ አይሳሳቱም። ማኪንዚ ከ1926፣ ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ ከ1963፣ ቤይን ከ1973 ጀምሮ ሲሠሩ ኖረዋል (ከዚህ በኋላ ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው)። የሚቀጥሯቸው ልጆች ጎበዞች ናቸው። ቁጥር ያውቃሉ፣ ሌላ አገር ያዩትንም ያመጣሉ። በጣም የሚወደደው ዕቃቸው ግን ከለላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ሊቀንስ ከወሰነ ቆይቷል። «እኔ ወሰንኩ» ከሚል «ጥናቱ ይላል» ቢል ይቀለዋል። ሚኒስትርም እንደዚያው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ2022 የሴኔቱ አጣሪ ኮሚቴ፣ መንግሥት በ2021 ብቻ ለአማካሪዎች ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ማውጣቱን ሲያጋልጥ አገሩ የተንጫጫው ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። የመረጥነው ሰው ነው ወይስ ያልመረጥነው የሚወስነው የሚል ጥያቄም ነበረበት።

ደግሞ ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ሰው የትም ይገባል። ሚት ሮምኒና ቤንያሚን ኔታንያሁ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቦስተን ውስጥ በዚሁ በቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ ባልደረቦች ነበሩ። አንዱ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፣ ሌላው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ይኼ ሴራ አይደለም። ግን አብሮ የሠራ ሰው ስልክ ሲደውል ይነሣለታል፤ ይኼን እኛም አገር እናውቀዋለን።

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል የእኛ ሰው። ታዲያ አንኮበርን አስቡ። በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ምኒልክ ግቢ ገባ። አማርኛ ለመደ። ጫማ ሥራ ተብሎ ጫማ ሁሉ ሠርቷል ይባላል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆየ። በዚህ ዛሬ ሻንጣውን ሳይፈታ ከሚሄደው አማካሪ ይሻላል፤ የመከረው ምክር ሲያፈራም ሲደርቅም እዚሁ ሆኖ አይቷል። ነገር ግን በ1894 የባቡሩ መስመር ፈቃድ ለማን ተሰጠ? ለራሱ ለኢልግ። ኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ተቆጡ። ሰውዬውን ሌባ እያልኩ አይደለም፤ ባቡሩም በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል። ግን መካሪውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ከሆነ፣ ምክሩ የት አልቆ ጥቅሙ የት እንደሚጀምር ማን ይለያል? አውስትራሊያ ውስጥ በ2023 ፒደብሊውሲ የተባለውን የኦዲትና የማማከር ድርጅት ያዋረደው ነገርም የዚሁ ዘመድ ነው። መንግሥትን በግብር ሕግ ሲያማክር በምስጢር ያገኘውን መረጃ ለሌሎች ደንበኞቹ ጥቅም አውሎት ተገኘ።

አሁን ወደ እኛ ቢሮ ልመልሳችሁ። ስለ ቢፒአር፣ ማለትም የመሥሪያ ቤትን የሥራ ሂደት ከሥሩ እንደ አዲስ ስለ ማዋቀር፣ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ስሙን ሲሰማ ያዛጋል። ሐሳቡን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፉት ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ ናቸው። ቻምፒ የአማካሪ ድርጅት መሪ ነበር፤ ማለትም ሐኪሙም መድኃኒት ሻጩም እሱ ነው። እኛ ጋ ተስፋፍቶ ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ስሙ ከሠራተኛ ቅነሳ ጋር ተያይዞ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ሁሉም ከንቱ ነበር አልልም። ባለጉዳይ አምስት ቢሮ ይዞር የነበረውን ወደ አንድ መስኮት ማምጣቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሠራተኛ በአዲሱ መዋቅር ሲደለደል ግን አንድ ነገር አየሁ። መዝገብ ቤታችን ውስጥ የምትሠራ ሴትዮ ነበረች። ከመንዝ የመጣ ገበሬ የአባቱን ስም ብቻ ሲነግራት ተነሥታ የካሳ ፋይሉን ከመደርደሪያው ትስብለታለች። አዲሱ መዋቅር ለመደቡ ዲፕሎማ ጠየቀ። እሷ አልነበራትም፣ ሌላ ቦታ ተመደበች። ጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ ፋይል ፍለጋ በደቂቃ እንደሚያልቅ ይላል። ገበሬው ግን እየተመላለሰ ሆቴል ያድር ጀመር። በነባሩ አሠራር ጥናት ውስጥ የሴትዮዋ እውቀት የትም አልተጻፈም፤ ማንም አልጠየቃትማ።

ይኼው ነገር በአገር ደረጃ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። ቤይን የገቢዎች መሥሪያ ቤቱን መዋቅር አዋቀረ። ጥሩ ይሠሩ የነበሩ ክፍሎች ፈረሱ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ተገፉ። በ2018 ዳኛ ኑጀንት የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን አፍረጠረጠው። ቤይን የተከፈለውን ከነወለዱ መለሰ። እንግሊዝም በ2022 ከመንግሥት ሥራ አግዳው ነበር። አቶል ዊሊያምስ የሚባል የቤይን የቀድሞ ሰው፣ የመንግሥትን ሙስና ላጣራው ለዞንዶ ኮሚሽን መስክሮ፣ ለሕይወቱ ሠግቶ በ2021 አገሩን ጥሎ ወጣ። ገንዘብ ይመለሳል። የተበተነ መሥሪያ ቤት በቼክ አይመለስም። ማኪንዚም እንዲሁ ሱስ የሚያሲዝ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሽያጭ እንዲጨምር በመምከሩ አሜሪካ ውስጥ በ2021 ከክልል መንግሥታት ጋር በ573 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ደግሞ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በ650 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ሥራውን የሠሩት እንደ እናንተ ያሉ ጎበዝ ልጆች ነበሩ። የተሰጣቸውን ጥያቄ በደንብ መለሱ። ጥያቄው ራሱ ግን ትክክል አልነበረም።

ሙያውን ጥሉት ማለቴ ግን አይደለም። እነዋሪ ሂዱ። መረሬው መሬት ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፣ ስንዴው ይበሰብሳል። ገበሬው፣ በተለይ ሴቶቹና ልጆቹ፣ ከእርሻ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብ ይሠሩ፣ ውሃውን በቦዩ ያጠነፍፉ ነበር። በ1980ዎቹ የከብት ምርምር ማዕከሉ የኢልካና የአገራችን ተመራማሪዎች መጡ። አዲስ ነገር አላመጡም። ወገብ የሚቆርጠውን የእጅ ሥራ አይተው ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት አደረጉት። ቢቢኤም የምንለው እሱ ነው። ሲከብድም በሬው ሲደክምም ታይቷል፣ ሁሉም ገበሬ አልተቀበለውም። ግን ጥናቱ የተጀመረው ከሚለፋው ሰው እጅ ነው። ለእኔ ጥሩ አማካሪ ማለት ይኼ ነው።

ምክር የምትገዙበት ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ቢጋሩን፣ ማለትም አማካሪው ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጉ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ራሳችሁ ጻፉት። አማካሪው ጽፎ ሰጥቷችሁ እናንተ ፈርማችሁ መልሳችሁ ከሰጣችሁት፣ መልሱን ሳይጀምር ታውቁታላችሁ። ጥናቱን ያጠናው ድርጅት አፈጻጸሙንም እንዳይወስድ ውሉ ላይ አስገቡ። ጥሬ መረጃውን አስረክብ በሉት፤ ስላይድ ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ስህተት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ በስም ይጻፍ።

የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ከምትቀመጠው ልጅ፣ ከዘበኛውና ከሾፌሩ ጋር ቡና ጠጡ። ከዚያ ኃላፊውን አነጋግሩ። ደንበኛው የማይወደውን ግኝት አባሪ ውስጥ አትደብቁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይውጣ። ደንበኛው ይቆጣል፣ አንዳንዴም ሁለተኛ ሥራ አይሰጥም። ጀማሪ ሳላችሁ ይኼ ከባድ ነው፤ የቤት ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ ስማችሁን ከማታምኑበት ወረቀት ላይ አስነሱ።

ጽፋችሁ የጨረሳችሁት ጥናት ካለ አምጡልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። አባሪውንም ጭምር አምጡ፤ እኔ የማነብበው ከኋላ ጀምሬ ነው።