ልጄ የሴት ጀግና ይወዳል

ጤና ይስጥልኝ፣

አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁን መሮኛል።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ማንበብ ይወዳል፣ እሱስ ደስ ይለኛል። ጭቅጭቁ በሚያነበው ነገር ነው። ዘንዶና አስማት የሞላበት ተከታታይ ልቦለድ ይዟል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት ልጅ ናት። አባቱ ባየው ቁጥር "ወንድ ልጅ የሴት ታሪክ ምን ያደርግለታል?" ይላል። እኔ "መጽሐፍ እኮ ነው" እላለሁ። "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" ይለኛል። በየቀኑ ይኸው ነው። የአክስቱ ልጆችም "ሴታሴት" እያሉ ሳቁበት። ነገር እንዳይነሳ ብዬ መጽሐፉን በሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ሸፈንኩለት።

ባለፈው ማታ ደግሞ ልጅቷ ዋሻው ደጃፍ ቆማ እጇ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ ለአባቱ ሊያነብለት ሞከረ። "አባዬ፣ አንተ ፈርተህ ታውቃለህ?" አለው። ባሌ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ልጁም ክፍሉ ገባ። ያን ቀን እንኳ ሳንጨቃጨቅ አደርን።

እኔ የምፈልገው ሰላም ነው። ወንድ ጀግና ያለበት መጽሐፍ ገዝቼ ይህን ቀስ ብዬ ላስተወው? ወይስ ምንም አይጎዳውም?

የመረራት እናት

መልስ

እህቴ፣ "ሳንጨቃጨቅ አደርን" ብለሽ ያለፍሽው ማታ ላይ ነው እኔ የቀረሁት። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አባቱን ስለ ፍርሃት ጠየቀ። ስንት አባት ነው ይህ ጥያቄ የሚደርሰው? አብዛኛው ልጅ ፍርሃቱን ውጦ ዝም ይላል።

ጥያቄውን ያገኘው ከዚያች ልጅ ነው። የወንድ ጀግና ብለን ከምንሰጣቸው ታሪኮች በብዙዎቹ ሰውየው ፈርቶ አያውቅም። ልጅሽ ያንን አንብቦ አባቱን ምን ብሎ ይጠይቀው? ልጅሽ እንደሚያነበው ባሉ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ልጃገረዶች ግን ይፈራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከዚያም ይገባሉ። ማዴሊን ሌንግል እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው ልቦለድ ውስጥ ሜግ የምትባል ልጅ አለች። መነጽር ታደርጋለች፣ ቁጡ ናት፣ መልኳን አትወድም። ታናሽ ወንድሟ በክፉ ኃይል እጅ ሲወድቅ ልታስመልሰው ብቻዋን ትሄዳለች። ሰይፍ የላትም። የምታሸንፈው ስለምትወደው ነው። ይህን መጽሐፍ ብዙ አሳታሚዎች አንፈልግም ብለው መልሰውት ነበር። በዓመቱ በአሜሪካ ትልቁን የልጆች መጽሐፍ ሽልማት፣ ኒውበሪን ወሰደ።

"ወንዶች ልጆች አይወዱትም" የሚለው የአዋቂዎች ስጋት ነው። የሃሪ ፖተር ደራሲ የመጀመሪያ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ፣ አሳታሚው ወንዶች ልጆች ሴት የጻፈችውን አያነቡም ብሎ ስለሰጋ ስሟ በምህጻረ ቃል ተጻፈ። ሴት መሆኗ ከታወቀም በኋላ ወንዶቹ ማንበባቸውን አልተዉም።

አንቺን ግን እቆጣሻለሁ። የአክስቱ ልጆች ስቀው ይረሱታል። መጽሐፉ እንደሚያሳፍር ያረጋገጥሽለት አንቺ ነሽ፣ በገዛ እጅሽ ሸፍነሽ። ዛሬውኑ አውልቂው።

ሌላ መጽሐፍ ግዢለት፣ ወንድ ጀግና ያለበትም ይሁን፣ ግድ የለም። ይህን ለማስተው ከሆነ ግን ይቅርብሽ። ባልሽን ደግሞ ስለ ሴትና ወንድ አትከራከሪው፣ አትረቺውም። "ልጁ የጠየቀህን መልስለት" በይው፣ በቃ። አንድ የፈራበትን ቀን ይንገረው። እምቢ ካለ ይህን መልስ አሳይው። ከተናደደም እኔን ይስደብ፣ ለምጄዋለሁ።