ስለ መጠጥና ስለ ጫት ለጠየቃችሁኝ

በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስለምሠራ፣ ስለ ሱስ የሚያሳስባችሁን እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ አባታችን ከ15 ዓመት በላይ በየቀኑ አረቄ ሲጠጡ ኖረው አሁን በቃኝ ብለዋል። ጠበል ሊገቡም አስበዋል። በአንድ ጊዜ ቢያቆሙ ይሻላል?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ ውሳኔ አበቃቸው። ነገር ግን እባካችሁ ያለ ሐኪም በአንድ ቀን አያቁሙ። አልኮል አእምሮን ስለሚያደነዝዝ፣ አእምሮ ይህን ለመቋቋም ከልክ በላይ ነቅቶ መሥራትን ይለምዳል፤ መጠጡ በድንገት ሲቀር ያ ንቃት የሚገታው አጥቶ ይገነፍላል። የመጨረሻው መለኪያ ከተጠጣ ከ6 ሰዓት ጀምሮ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፤ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ቤተሰብ ቅዠቱን የመንፈስ ሥራ ብቻ አድርጎ ሲጠባበቅ የመታከሚያው ጊዜ የሚያልፍበት ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ሐኪም ለጥቂት ቀናት የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያዝላቸዋል። እነዚያ አስጊ ቀናት ካለፉ በኋላ ጠበላቸውን ይጠመቁ፤ ሕክምናውና እምነቱ አይጣሉም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጫት የምቅመው ለጥናት ብቻ ነው። ቅጠል ምን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር አእምሮን የሚያነቃቃው አምፌታሚን እንደተባለው ዕፅ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ የሚጣደፈው። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፤ ያነበብከው በአእምሮህ የሚጸናበትን እንቅልፍም ይነሳሃል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ጨብሲው ነው። ምርቃናውን ለመስበር ሲባል የሚጠጣው ቢራ ወይም አረቄ ማታ ማታ ይደጋገምና፣ ጠዋት ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት ይፈለጋል። በመጠጥ ሱስ ታመው ካገኘኋቸው ወጣቶች ብዙዎቹ «መጠጥ የጀመርኩት ለጨብሲ ነው» ይሉኛል። አንተም መጠጥ ጀምረህ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ቁጠራቸው።

ጥያቄ፦ አረቄ ዓይን ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሜታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ እውነት ነው። ሜታኖል በጉበት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይን ነርቭን ይጎዳል፤ በጣዕምም በጠረንም አይለይም። ጉዳቱ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ጠጥቶ ያደረና ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው «ሐንጎቨር ነው» ተብሎ አይተኛ፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለወገቡ ሕመም የታዘዘለትን ትራማዶል በቢራ ይወስደዋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ከባድ ችግር አለው። ሁለቱም ትንፋሽን ያዳክማሉ፤ ትራማዶል በራሱም መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል። ዛሬውኑ ንገሪው፤ መድኃኒቱን ላዘዘለት ሐኪምም መጠጣቱን ሳይደብቅ ይንገር። ቀስቅሰሽው አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ በጎኑ አስተኝተሽ እርዳታ ጥሪ፤ የመድኃኒቱንም ማሸጊያ ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ውሰጂው።