የጥንት ሼል ከየትኛው አለት እንደመጣ በምን እንለያለን?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይህን ነው፦ ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሼል (ጭቃ ጠንክሮ የሆነ አለት) ናሙና ውጤት እጅሽ ላይ አለ፤ ጭቃው ከግራናይት ይምጣ ከባዛልት በየትኛው ንጥረ ነገር ልወስን ነው? እንዲህ ዓይነት ዳታ ላይ ዓመታት ስላሳለፍኩ ልምዴን ላካፍልሽ።

ሶዲየም፣ ካልሲየምና ስትሮንሺየምን ለዚህ ሥራ ተያቸው። አለቱ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ታጥበው ይሄዳሉ። ፖታሲየምም ጭቃው ከተቀበረ በኋላ ሊጨመርበት ስለሚችል አያስተማምንም። ቶሪየም፣ ስካንዲየምና ላንታነም ግን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ከምንጫቸው ተነስተው ከጭቃው ጋር ይጓዛሉ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቶሪየምን ለስካንዲየም ማካፈል ነው። ቶሪየም ግራናይት ውስጥ ይበዛል፤ ስካንዲየም ባዛልት ውስጥ። ከአርኪያን ዘመን (2.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ካበቃው የጥንት ዘመን) በኋላ የተከማቹ ሼሎች በአማካይ 1 አካባቢ ናቸው። ያንቺ ከዚያ በጣም ካነሰ፣ ክሮሚየምና ኒኬልም አብረው ከፍ ካሉ፣ ምንጩ ውስጥ ባዛልት ወይም ኮማቲያይት (ማግኒዥየም የበዛበት የጥንት እሳተ ገሞራ አለት) አለ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዩሮፒየም። ይህን ከጎረቤቶቹ ከሳማሪየምና ከጋዶሊኒየም ጋር አነጻጽሪው። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ፕላጂዮክሌዝ የተባለው ማዕድን ዩሮፒየምን ይዞ ታች ይቀራል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ግራናይት ይጎድለዋል። ጉድለት ከሌለ የዚህ ንጽጽር ውጤት 1 ነው፤ ከአርኪያን ወዲህ ባሉት የአውስትራሊያ ሼሎች አማካዩ 0.65 ገደማ ነው። ብዙ የአርኪያን ሼሎች ደግሞ ወደ 1 ይጠጋሉ። የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪዎቹ ቴይለርና ማክሌናን በ1985 የአህጉራት ቅርፊት 2.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ላይ ተለወጠ ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው። እኔ ግን ይህን እንደ ሕግ አልወስደውም። የደቡብ አፍሪካዎቹ የፖንጎላ ሼሎች አርኪያን ናቸው፤ ዩሮፒየም ግን ይጎድላቸዋል። ስለዚህ ዕድሜውን አይተሽ ምንጩን አትገምቺ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ዚርኮኒየም ላይ ነው። ዚርኮን የሚባለው ማዕድን ከባድና ጠንካራ ነው፤ ደለሉ ደጋግሞ በታጠበ ቁጥር አሸዋው ውስጥ ይከማቻል። ዚርኮኒየም ለስካንዲየም ያለው ምጣኔ ብቻውን ከፍ ካለ፣ የምታዪው የምንጩን ዓይነት ሳይሆን የጉዞውን ታሪክ ነው። በተጨማሪ ዚርኮን በተለመደው የአሲድ ዝግጅት ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ቁጥሩም ከእውነቱ አንሶ ይወጣል፤ ከባዶቹ ሬር ኧርዞች (ከእነ ላንታነምና ዩሮፒየም ቤተሰብ ከባዶቹ) እና ሃፍኒየምም አብረው ይጎድላሉ። ስለዚህ ናሙናውን ዚርኮንን ጭምር በሚያሟሟው በሊቲየም ቦሬት አቅልጠውት እንደሆነ ላብራቶሪውን ጠይቂ። ናሙናው የተፈጨበት ወፍጮ ተንግስተን ካርባይድ ከነበረ ደግሞ ኮባልትና ታንታለምን ከሠንጠረዡ አውጫቸው፤ ከወፍጮው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።