ፋብሪካ ውስጥ አደጋ ሲነሳ ዲጂታል መሣሪያ ምን ያግዛል? ጥያቄና መልስ

ስለ ፋብሪካ ደኅንነትና ስለ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ታንከር ውስጥ ገብተን እናጸዳለን። ሽታውን ስለምናውቀው ጋዝ መመርመሪያው የግድ ነው እንዴ?

መልስ፦ የግድ ነው! ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ ስትረጋጉ ነው የሚጥላችሁ። ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ባለ አራት ጋዝ መመርመሪያ ኦክስጅንንም ይለካል። ንጹሕ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ19.5 ሲወርድ እንዲጮኽ ይደረጋል። አንዳንዶቹ አዳዲሶች ደግሞ ሠራተኛው ወድቆ ካልተንቀሳቀሰ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ መልእክት ይልካሉ። ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ሆናችሁ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ። እባካችሁ፣ ጓደኛ ወደቀ ብላችሁ ዘላችሁ አትግቡ። አንድ ሞት ሦስት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ሴንሰር በበዛ ቁጥር አደጋ ይቀንሳል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን ያለ የነዳጅ ማጣሪያ ፈነዳ። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ለሁለት ኦፕሬተሮች 275 አላርም ጮኸባቸው። ማን ያንን ለይቶ ያነባል? እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ቴክሳስ ሲቲ ባለ የነዳጅ ማጣሪያ ደግሞ አንድ ነዳጅ የሚለይበት ማማ ከልክ በላይ እየሞላ ሳለ መለኪያው ፈሳሹ እየቀነሰ ነው ይል ነበር። ፍንዳታ ተነስቶ 15 ሰው ሞተ። ስለዚህ አላርሞቻችሁን በአጣዳፊነት ደረጃ ለዩ። ወሳኝ ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ሌላ መለኪያ ይኑር።

ጥያቄ፦ ድሮንስ?

መልስ፦ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ካለው፣ የትኛው ታንክ እየጋለ እንደሆነ ሰው ሳይጠጋ ያሳያል። ፈቃዱን ግን አስቀድማችሁ ጨርሱ። እሳት ከተነሳ በኋላ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሳውዲ ፔትሮኬሚካል ውስጥ ነው የምሠራው። ሲስተሙ ቢጠለፍስ?

መልስ፦ እዚያው ሳውዲ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ትራይተን የተባለ ቫይረስ የአንድ ፔትሮኬሚካል ፋብሪካ የደኅንነት መቆጣጠሪያ ውስጥ ገባ። ደግነቱ ሲስተሙ ስህተት አይቶ ፋብሪካውን ራሱ አቆመው። የመቆጣጠሪያው ቁልፍ ፕሮግራም ለመቀየር በሚያስችለው ቦታ ላይ ተትቶ ነበር። ተረኛ ስትሆን ቁልፉ የት ላይ እንዳለ እይ። ፕሮግራም መቀየሪያው ቦታ ላይ ከሆነ ለአለቃህ ሳትናገር ሺፍትህን አታስረክብ።

ጥያቄ፦ በጀታችን ትንሽ ነው፣ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከጋዝ መመርመሪያው። ግን በየቀኑ ከሥራ በፊት በመሞከሪያ ጋዝ ፈትሹት። ያልተፈተሸ መመርመሪያ ዝም ሲል ጋዝ የለም ማለት አይደለም።