የሞተሩ ቁጥር የት አለ?

ጥያቄ፦ የኮሮላዬ ሞተር ስለነከሰ መካኒኬ ከመርካቶው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ገጠመልኝ። ብሩን ያስገባሁት በመካኒኩ አካውንት ነው። በ9ኛው ቀን ዘይት እየበላ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ጀመረ። ሻጩ «ያገለገለ ዕቃ ዋስትና የለውም፤ ያበላሸውም ገጣሚው ነው። ለማንኛውም አውርዳችሁ አምጡት» ይላል። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ «ያገለገለ» መባሉ ብቻ ሻጩን ነፃ አያወጣውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ እንደተደነገገው ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ነው። ዋስትናውን በውል ማስቀረት ቢቻልም ጉድለቱን እያወቀ የደበቀን ሻጭ ውሉ አያድነውም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በገዛ በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ዛሬውኑ ይቁጠሩ። መኪናዋ የታክሲ ሥራ የምትሠራ ከሆነ «ሸማች» መሆንዎ ሊያከራክር ስለሚችል ለጠበቃዎ አይደብቁ። ጉድለቱንም ለሻጩ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ቀን ይኑረው፣ መቀበሉን ያስፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ክስ የሚመሠረተው ካስታወቁበት ቀን አንሥቶ በ1 ዓመት ውስጥ ነው።

አሁን ወዳልነገሩኝ ልምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ ደረሰኝ የሚል ቃል የለም፤ የሞተር ቁጥር የሚልም የለም። ረስተውት አይመስለኝም፤ በእጅዎ የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ያህል ውድ ዕቃ ቁጥሩን ሳያነቡ አይገዛም።

ሻጩ «አውርዳችሁ አምጡት» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳዎት። ሞተሩ ሱቁ ከገባ በኋላ የቱ የእርስዎ እንደነበር የሚናገር ወረቀት የለም። ፍርድ ቤት ሲደርሱም «ይህ እኔ የሸጥኩት አይደለም» ለማለት አንድ ቃል ይበቃዋል። «1 ሞተር» ብቻ የሚል ደረሰኝም ከዚህ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ሞተሩን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተመታውን ቁጥር በቤንዚን አጥበው፣ ቁጥሩና ሰሌዳዎ አብረው በሚታዩበት ቪዲዮ ይቅረጹ። ከቦታው ማውረድ ግድ ከሆነ ቁጥሩ የተጻፈበት የርክክብ ሰነድ ሳያስፈርሙ አያስረክቡ።

ሁለተኛው ጣጣ ከሊብሬው ነው። ሊብሬዎ ላይ የተጻፈው የድሮው ሞተር ቁጥር ነው። ዘንድሮ ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱ ወይም መኪናዋን ሲሸጡ ልዩነቱ ይወጣል፤ ለማስተካከልም የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን (ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ) እና ሕጋዊ ደረሰኝ ማቅረብ ይጠበቅብዎታል። አስመጪው ብዙ ሞተር በአንድ ዲክላራሲዮን ስለሚያስገባ የእርስዎ ቁጥር ከዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ሻጩ ይህን ወረቀት ማሳየት ካቃተው ዘይት ከመብላቱ የባሰ ችግር ገጥሞዎታል። ዕቃው ኮንትሮባንድ ወይም ከተሰረቀ መኪና የወረደ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቃል ከመናገርዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። መካኒኩ «የድሮውን ቁጥር እናስመታበታለን» ካለዎት ደግሞ እሺ አይበሉ፤ እሱ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የድሮውን ብሎክም ለቆራሌው ካልሰጡት ያቆዩት።

«ገጣሚው ነው ያበላሸው» ለሚለው መልሱ ልኬት ነው። ሞተሩ ሳይፈታ፣ ከገጣሚው ውጭ የሆነ ጋራዥ የ4ቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የእመቃ ግፊት) ይለካ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ በድጋሚ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጉዳቱ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ላይ ነው። ኮምፕሬሽኑ ጤነኛ ሆኖ ጭሱ ከቀጠለ የባልቦላ ጎሚኒ (ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የሚከለክለው የቫልቩ ጎማ) ይጠረጠራል። ውጤቱ ከሞተር ቁጥሩ ጋር ተጽፎ ማኅተም ይደረግበት። እዚህ ላይ እውነቱን ይንገሩኝ፦ በ9ኙ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ወጥቶ ነበር? ውሃ ጎድሎ ነድተውታል? ከነዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ብሩ በመካኒኩ አካውንት ማለፉም ቀላል ነገር አይደለም። በእርስዎ ስም ገዝቶ ከሆነ ምስክርዎ ነው፤ በራሱ ስም ከሆነ ተከሳሽዎ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር ሳይጣሉ በፊት ለማን እንደገዛ፣ ከየትኛው ሱቅ፣ በስንት ብር እንደሆነ ጽፎ ይፈርምልዎ።

ሊብሬውን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ከሻጩ ጋር የተለዋወጡትን መልእክት፣ ቪዲዮውንና የልኬት ወረቀቱን ይዘው የ15 ቀኑ ጊዜ ሳያልቅ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ሰነዱን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር አሳስትዎታለሁ።